መርዶ ነጋሪው ስልክ

በኩታበርና በዙሪያው ባሉት የደቡብ ወሎ ደጋማ ቀበሌዎች ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚነሳው ቅሬ ነው። ለማያውቀው አንባቢ፣ ቅሬ ማለት ከተሜው ዕድር ከሚለው ጋር የሚቀራረብ፣ ነገር ግን ከገንዘብ መዋጮ ይልቅ በጉልበትና በመገኘት ላይ የቆመ የወሎ ሕዝብ መረዳጃ ነው። አባላቱን የሚያስተሳስራቸው ጉርብትና ነውና በብዙ ቦታ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ይቀባበራሉ። ዳኛ አለው፤ ደንብ አለው። ጥሪው ሲሰማ ወንዱ ዶማውንና አካፋውን ይዞ ወደ መቃብሩ ይወርዳል፤ ሴቷ እህሏንና ውሃዋን ይዛ ወደ ሐዘኑ ቤት ትገባለች። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ጥሪው ራሱ የሰው ድምፅ ነበር። ከፍ ካለ ቦታ ላይ የቆመ ሰው ይጣራል፤ ከማዶ ያለው ተቀብሎ ለሌላው ያስተላልፋል፤ ርቆ ላለ ዘመድ ደግሞ መልእክተኛ በእግሩ ይሄዳል።

ዛሬ መልእክተኛው ጫማውን ሳያጠልቅ ወሬው ጅዳ ደርሷል።

ውድ አንባብያን! ስልክ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለውን ሰፊ ክርክር እዚህ አናነሳውም። እሱ አያልቅም፤ ደግሞም የሚከራከሩት ሰዎች ሁሉ ስልካቸውን በኪሳቸው ይዘው ነው። የኛ ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው። የሞት ወሬ በማን በኩል ይድረስ? ይፍጠን ወይስ ይቆይ? ይህ የወግና የይሉኝታ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ እስከ መጨረሻው እንዲያነብ እንጠይቃለን። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳ፣ የወራሾች ሐቅና የሟቹ ዕዳ ሁሉ ከዚሁ ጥያቄ ጋር የተሳሰሩ ናቸውና።

የቀድሞው መርዶ

አባቶቻችን መርዶን የሚያረዱት በማለዳ ነው። ሐዘንተኛው ወደ እርሻው ወይም ወደ ሥራው ከመውጣቱ በፊት ሦስት አራት ሽማግሌዎች ደጁ ላይ ይደርሳሉ። ከመካከላቸው አንዱ የሚያከብረውና የሚሰማው ሰው ነው። ጎረቤቶች ቀደም ብለው ተነግሯቸው በአቅራቢያ ይጠብቃሉ። ሰላምታ ይሰጣጣሉ፤ ስለ ሌላ ነገር ትንሽ ይወራል፤ ከዚያ በኋላ ትልቁ ሰው «የአላህ ነገር ነው» ብሎ ይጀምራል። ቀሪውን ሐዘንተኛው ራሱ ይረዳዋል። በዚያች ቅጽበት የሚደግፈው እጅ፣ ውሃ የሚያቀብለው ሰው፣ «ኢና ሊላህ በል» የሚለው ድምፅ በአጠገቡ አለ። አዲስ አበባ ወይም ሌላ ሩቅ አገር ያለ ልጅ ከሆነ ደግሞ «አባትህ አሞታልና ቶሎ ና» ተብሎ ይጠራል፤ እውነቱን የሚሰማው ቤቱ ከደረሰ በኋላ፣ በዘመድ መካከል ሆኖ ነው።

በከተማ የኢትዮጵያ ራዲዮ የሙት ማስታወቂያ ያነብ ነበር። ብዙ ቤተሰብ የዘመዱን ሞት ከራዲዮ እንዳይሰማ ቀድሞ ለማስረዳት ይሯሯጥ እንደነበር የዚያ ዘመን ሰዎች ያስታውሳሉ። ስለዚህ ከሰው የቀደመ ወሬ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ወሬው ሌሊትና ቀን ሳይለይ፣ ሰውዬው ብቻውን ሳለ፣ ከእጁ መዳፍ ላይ መድረሱ ነው።

በአገራችን የሞባይል አገልግሎት የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ደጋው ገጠር ዘንድ የደረሰው ቆይቶ ነው። በዚያው ዘመን የወሎ ወጣቶች ወደ ዐረብ አገሮች የሚያደርጉት ጉዞ በረታ። በ2006 ዓ.ም. ብቻ ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው እንደተመለሱ ስናስታውስ፣ እዚያ የነበረውና በኋላም ተመልሶ የሄደው ሰው ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በወሎ ደጋ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ሪያድ ወይም ጅዳ ያለ ልጅ፣ እህት ወይም የእህት ልጅ ከሌለው የጎረቤቱ አለው። መገናኛቸው ኢሞና ዋትስአፕ ነው፤ ወሬ ማሰራጫቸው ፌስቡክና ቲክቶክ።

እንግዲህ አስቡት። አንዲት ልጅ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሥራዋን ጨርሳ ስልኳን ትከፍታለች። የአባቷን ፎቶ ታያለች። ከሥሩ «አላህ ይዘንላቸው» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከዚያ ሥር የአርባና የሃምሳ ሰው ዱዓ። የለጠፈው ወንድሟ አይደለም፤ የመንደሯ ልጅ ነው፤ ክፋትም አላሰበም። ወንድሞቿ ገና እንዴት እንደሚነግሯት እየተመካከሩ ነው። ልጅቷ የምታለቅሰው በማታውቀው ሰው ማጀት ውስጥ፣ አፏን በሻሿ አፍና ነው። ሲነጋ ቁርስ ማቅረብ አለባት። ይህን የመሰለ ታሪክ ያልሰማ ቤተሰብ በአካባቢያችን ያለ አይመስለንም።

ከዚህም የከፋ አይተናል። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይሲስ የተባለው ቡድን በሊቢያ በኢትዮጵያውያን ክርስቲያን ወገኖቻችን ላይ የፈጸመውን ግድያ በቪዲዮ ሲያሰራጭ፣ የአዲስ አበባ ቤተሰቦች የልጆቻቸውን መጨረሻ ያወቁት ከዚያው ቪዲዮ ነው። በአገሪቱ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ያን ምስል በስልኩ ተቀብሎ ለሌላው ያስተላለፈው ሰው ግን ከገዳዩ ቀጥሎ መልእክተኛ መሆኑን ያሰበ አይመስልም።

በጀዕፈር ቤት

በስምንተኛው ዓመተ ሂጅራ በሙእታ ዘመቻ ዘይድ ኢብን ሓሪሣ፣ ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብና ዐብዱላህ ኢብን ረዋሓ (ረ.ዐ) ተከታትለው ሸሂድ ሆኑ። ጀዕፈርን እኛ ኢትዮጵያውያን በተለይ እናውቃቸዋለን። በነጃሺ ፊት ቆመው ስለ ኢስላም የተናገሩት እርሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስም አብረዋቸው ተሰደው በሐበሻ ምድር ኖረዋል፤ ልጆቻቸውንም የወለዱት እዚሁ ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሙእታን ዜና ከጦር ሜዳው መልእክተኛ ሳይመጣ ለሰሓቦቻቸው እንደነገሩና ዓይኖቻቸው እንባ እንዳፈሰሱ ቡኻሪ ዘግበውታል። በዚያ ዘመን ከዚህ የፈጠነ ወሬ አልነበረም፤ ወሕይ ነውና። ሆኖም ለጀዕፈር ቤተሰብ ሰው ልከው «ንገሯቸው» አላሉም። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት በእግራቸው ወደ አስማእ ቤት ሄዱ። አስማእ ሊጥ አቡክተው፣ ልጆቻቸውን አጥበውና ቀባብተው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጆቹን አስጠሩ፤ አቀፏቸው፤ አሸተቷቸው፤ እንባቸውም ወረደ። አስማእ ከእንባቸው ተነስተው ስለ ጀዕፈር የደረሰ ነገር እንዳለ ጠየቁ። አዎን፣ ዛሬ ተሰዉ አሏቸው። አስማእ ጮኸው ተነሡ፤ ሴቶችም ተሰበሰቡላቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲወጡ ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራላቸው አዘዙ፤ ሐዘኑ ስለ ራሳቸው ከማሰብ ያውካቸዋልና።

የወሎ ሴቶች እህል ይዘው ወደ ሐዘን ቤት ሲገቡ የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ ሐዲሡን የሰማችም ያልሰማችም። (ሐዘንተኛው ራሱ ከብት አርዶ፣ ተበድሮ ሕዝብ እንዲያበላ የሚደረግበት ልማድ ግን ከዚህ ጋር እንደማይሄድ በዚሁ አጋጣሚ ብንናገር አይከፋም፤ ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን ኢንሻአላህ።)

ከዚህ ታሪክ ለጉዳያችን የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮችን እናገኛለን። አንደኛው፣ መርዶው አልዘገየም፤ በዕለቱ ተነገረ። ሁለተኛው፣ ወሬው ቢፈጥንም ቤት የገባው ሰው ይዞት ነው። ሐዘንተኛዋ ስትሰማ ልጆቿ በሰው እቅፍ ውስጥ ነበሩ። ስልክ የነጠቀን ሁለተኛውን ነው። የእኛ ልማድ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንደኛውን ይነጥቀናል።

መደበቅ ርኅራኄ ነው ወይ?

አንደኛውን እንመልከት። ዐረብ አገር ያለ ሰው እንዳይደነግጥ፣ ሥራውን ጥሎ እንዳይመጣ፣ «ባይተዋር አገር ብቻውን እንዳይሰማ» እየተባለ ሞት ለወራት አንዳንዴም ለዓመት ይደበቃል። ልጅቷ «እማን አገናኙኝ» ስትል «ተኝታለች»፣ «ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች»፣ «ኔትወርኩ እምቢ አለ» ትባላለች። የምትልከው ብር ለእናቷ መድኃኒት የሆነ ይመስላታል። ውሸቱን የሚናገሩት ወንድሞቿ እንደሚወዷት አንጠራጠርም። ነገር ግን ለሟች ተብሎ የተላከን ገንዘብ ተቀብሎ ዝም ማለት ምን እንደሚባል ራሳቸውን ይጠይቁ። ልጅቷስ? ለእናቷ ዱዓ የምታደርግበት፣ ሰደቃ የምታወጣበት ጊዜ በሐሰት ተይዞባታል። ነገሩ በመጨረሻ በፌስቡክ ወይም በአንዲት የመንደር ልጅ አፍ ሲወጣ ደግሞ ሁለት ሐዘን ይሆናል። አንዱ በእናቷ፣ ሌላው ባታለሏት ወንድሞቿ።

በትዳር ላይ ሲሆን ነገሩ ይጠብቃል። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳ አራት ወር ከአስር ቀን ነው፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትወልድ። አብዛኞቹ ዑለማእ፣ አራቱም መዝሀቦች ጭምር፣ ዒዳው የሚቆጠረው ባል ከሞተበት ቀን አንሥቶ ነው ይላሉ፤ ወሬው ከደረሳት ቀን አይደለም። ከዐሊይ (ረ.ዐ) እና ከሐሰኑል በስሪ ከሰማችበት ቀን ነው የሚል አስተያየት ተዘግቧል። በአብዛኞቹ ዑለማእ አነጋገር ከሄድን፣ ባሏ ከሞተ ስድስት ወር ሆኖት ዛሬ የተነገራት ሴት ዒዳዋ ሳታውቀው አልቋል ማለት ነው። ልትጠብቀው የሚገባትን ሳትጠብቅ፣ ልታዝን የሚገባትን ሳታዝን ጊዜው አለፈ። ሰው ሠራሽ በሆነ ዝምታ ይህን በአንዲት ሙእሚን ላይ ማድረግ ርኅራኄ ይባላል? ለእያንዳንዱ ጉዳይ በአካባቢው ካለ ዐሊም መጠየቅ የግድ ነው፤ እኛ የምንለው ግን ጥያቄው ራሱ እንዲነሣ ሰው መስማት አለበት ነው።

ውርስም እንዲሁ ነው። በአገራችን ሙስሊሞች የውርስ ጉዳያቸውን ወደው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊወስዱት ይችላሉ። ይሁንና ያልሰማ ወራሽ እንዴት ይጠይቃል? የባሏን ሞት ያልሰማች ሚስት ልጆች ካሉት የሚገባት ስምንተኛ ድርሻ አለ። እሷ ኩዌት ሆና ሳትሰማ በሬው ተሸጦ፣ መሬቱ ተከፋፍሎ ቢቆያትስ?

ስልኩ የጠፋ ጊዜ

ስልክን ብቻ የሚወቅስ ሰው ደግሞ ያለፉትን ጥቂት ዓመታት ይመልከት። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ኔትወርክ ተቋረጠ። እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ከአንድ ወር በላይ አዲስ አበባ ያለ ልጅ ደሴና በዙሪያዋ ያሉ ወላጆቹ ይኑሩ ይሙቱ አያውቅም ነበር። ወልዲያ ለአራት ወር ያህል እንዲሁ ሆነች። ትግራይ ያለ ወገናችን ላይ የደረሰው ከሁሉ የረዘመ ነው። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ስልክ ተዘጋ፤ በአንዳንድ ቦታ ተከፍቶ እንደገና ተዘጋ፤ እስከ ታኅሣሥ 2015 ድረስ ብዙው ሕዝብ ድምፅ አልተሰማማም። መስመሩ ሲከፈት የመጀመሪያው ጥሪ ለብዙ ሰው ከዓመት በፊት የሞተ ዘመድ መርዶ ነበር። በጥቅምት 2016 ደግሞ የክልሉ ጊዜያዊ አስተዳደር በጦርነቱ የሞቱ ተዋጊዎችን መርዶ ለቤተሰቦቻቸው በይፋ አርድቶ የሦስት ቀን ሐዘን አወጀ። ልጁን ለሦስት ዓመት «ይመጣ ይሆናል» ብሎ የጠበቀ እናትና አባት በዚያ ሰሞን ተቀመጠ።

በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ያህል ተዘግቶ ቆይቷል። ዐረብ አገር ያለው ልጅና ገጠር ያለችው እናት የሚተያዩበት መስኮት ይኸው ነበርና፣ መልክ ሳይተያዩ የተለያዩ ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ ስልክ መርዶን ያለ ወግ ያመጣል ብለን ስናማርር፣ መርዶ ጨርሶ አለመምጣቱ ምን ያህል እንደሚከፋ የቀመሰ አገር መሆናችንን አንርሳ።

እዚህ ላይ የነጃሺ ነገር ይነሣል። አስሐማ ነጃሺ በሞቱበት ቀን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ላይ ሆነው ሞታቸውን ለሰሓቦች ተናገሩ፤ ወደ መስገጃው ሜዳ ይዘዋቸው ወጡ፤ በረድፍ አሰልፈው አራት ተክቢራ አድርገው ሰገዱባቸው። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። ከኢትዮጵያ የወጣ የሞት ዜና በዕለቱ ባሕር ተሻግሮ ሰው ሰብስቦ ሰላት አሰገደ። ዑለማእ «ሰላተል ጋኢብ» የሚሉት ሰላት ዋና ማስረጃው ይህ የኛ ንጉሥ ታሪክ ነው። ሻፊዒያና ሐንበሊያ በሩቅ በሞተ ሰው ላይ መስገድን ይፈቅዳሉ፤ ሐነፊያና ማሊኪያ ለነጃሺ ብቻ የተለየ ነበር ይላሉ፤ ኢብን ተይሚያን የመሰሉት ደግሞ በሞተበት አገር ማንም ላልሰገደበት ሰው ነው ብለዋል። በወሎ ሻፊዒያም ሐነፊያም ስላሉ በአንድ መስጊድ ሁለቱም አስተያየት ቢሰማ ሊያስገርም አይገባም። ይሁንና በሐምሌ 2017 ማብቂያ በየመን አብየን ጠረፍ ጀልባዋ ተገልብጣ በአስሮች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሲያልቁ፣ ሬሳው ያልተገኘ፣ ስሙ ያልታወቀ ልጅ ስንት ነበር? የእናቱ ቤት እንኳ «ሞተ» ብሎ ለመቀመጥ ወሬ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ያን ወሬ የሚያመጣው ከዚያው ጀልባ የተረፈ ልጅ ከሰው ተውሶ የደወለው ስልክ ነው።

ሞትን ስለ ማስታወቅ በሐዲሥ የመጣ ክልከላም አለ። ሑዘይፋ (ረ.ዐ) «ነዕይ» እንዳይሆንባቸው ፈርተው ሞታቸው እንዳይለፈፍ ማዘዛቸው ተዘግቧል። ዑለማእ ሁለቱን ሲያስታርቁ፣ የተጠላው የጃሂሊያ ሰዎች በየገበያው እየዞሩ ሟችን እያወደሱ፣ እየፎከሩ የሚያደርጉት ነው፤ ለሰላት፣ ለቀብርና ለዱዓ ሰው እንዲሰበሰብ ማሳወቅ ግን የሚወደድ ነው ብለዋል። ስልክ ላይ ስንለጥፍ ከሁለቱ የትኛውን እያደረግን ነው? «እገሌ ሞቷል፤ ዙህር ላይ እዚህ መስጊድ ይሰገድበታል» የሚለው መልእክት አንድ ነገር ነው። ከሟቹ ጋር የተነሣነውን ፎቶ መርጠን፣ ራሳችን አምረን የወጣንበትን፣ ስንት ሰው እንዳየው ለመቁጠር መለጠፍ ሌላ ነው።

ስለ ቪዲዮው አጭር ቃል እንጨምር። ጀናዛው ሲሸኝ ባሕር ማዶ ያለ ልጅ በስልክ ቢያይ፣ ሰላቱን ቢሰማና ቢያለቅስ እኛ ምንም ክፉ አናይበትም፤ እንዲያውም ያጽናናዋል። የሟችን ፊት፣ አጠባውንና ከፈኑን መቅረጽ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሟችን የሚያጥብ ሰው ያየውን እንዲሸፍን የታዘዘ አማና ያለበት ሰው ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ የስልክ ካሜራ ምን ይሠራል? ደግሞም አንዳንድ ቤተሰብ ከውጭ የሚመጣ ሰው እስኪደርስ ወይም በቪዲዮ እስኪያይ ብሎ ጀናዛውን ያቆያል። ጀናዛን ማፋጠን ሱና መሆኑን ኢማሞቻችን ሳይታክቱ ቢያስታውሱን መልካም ነው።

በስልክ ውስጥ የቀረ ዕዳ

ከሰላተል ጀናዛ በፊት «ከሟቹ ላይ ዕዳ ያለው አለ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሥሩ ጥልቅ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥቂት ዲናር ዕዳ ባለበት ሰው ላይ ለመስገድ ተቆጥበው፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን ሲሸከሙ ነው የሰገዱት። ድሮ ጥያቄው መልስ ነበረው። አበዳሪው በዚያው ሜዳ ላይ ቆሟል፤ ወይም ወንድሙ ቆሟል።

አሁንስ? ቴሌብር በግንቦት 2013 ተጀምሮ በ2014 መጨረሻ «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ የብድር አገልግሎቶችን ጨመረ። ሰው ከስልኩ ሳይነሳ ይበደራል። (የብድሩ ዓይነት ከሪባ አንጻር ምን እንደሆነ ዑለማእን መጠየቅ የተበዳሪው ፈንታ ነው።) ከዚያ ሌላ ከጓደኛው በስልክ የተላከለት ብር አለ፤ ለጉዞ ከደላላ ጋር የተዋዋለው አለ፤ ለሰው አደርሳለሁ ብሎ የተቀበለው የዐረብ አገር ሐዋላ አለ። ይህ ሁሉ ያለው በአንዲት የምሥጢር ቁጥር በተቆለፈች ስልክ ውስጥ ነው። ሰውዬው ሲሞት ሜዳ ላይ የቆመ አበዳሪ የለም። «ዕዳ ያለው አለ?» ሲባል ዝም ይባላል፤ ይሰገዳል። ዕዳው ግን አለ። ገንዘቡም እንዲሁ ነው፤ በስልኩ ላይ የተቀመጠ የየቲሞች ሐቅ ማንም ሳያውቀው ይቀራል። ወራሾች ቢያውቁ የወራሽነት ማስረጃቸውን ይዘው ይጠይቁበት ነበር።

ለውሲያ የሚሆን ነገር ያለው ሙስሊም ሁለት ሌሊት እንኳ ሳይጽፈው እንዳያድር ተመክሯል። ዛሬ በዚያ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው የበሬና የመሬት ነገር ብቻ መሆን የለበትም። በየትኛው ስልክ፣ በየትኛው ባንክ ምን እንዳለ፣ ለማን ምን እንደሚከፈል፣ ከማን ምን እንደሚሰበሰብ ይጻፍ። የምሥጢር ቁጥሩን ለሰው ሁሉ ስጡ አንልም፤ ዕዳውን ግን ሚስት ወይም አንድ የታመነ ሰው ይወቅ። የሟቹን ሲም ካርድ ጉዳዩ እስኪያልቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላልና፣ ለሟቹ የሚመጣ መልእክት ሁሉ ለማይታወቅ ሰው ይደርሳል። ስልኩን የሚከፍተው ሰውም የሚፈልገው ዕዳና ሐቅ ነው። ደብዳቤውን፣ ፎቶውን፣ ከማን ጋር ምን እንደተባባለ ማገላበጥ ግን በሕይወት ሳለ ያልተፈቀደ፣ ሲሞትም የማይፈቀድ ስለላ ነው።

የሟች የፌስቡክ ገጽም እንዳለ ይቀራል። በየዓመቱ «ዛሬ የእገሌ ልደት ነው» እያለ ሐዘንተኛውን ያስደነግጣል። ሸሪዓችን ከባል በስተቀር ለሌላ ሟች ሐዘን ከሦስት ቀን እንዳያልፍ ሲወስን፣ ስልክ ግን በየወቅቱ እንደገና ያስቀምጠናል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሟች ገጽ የመታሰቢያ ገጽ እንዲሆን ይፈቅዳል፤ ይህ ሲደረግ የልደት ማስታወሻው ይቆማል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ሰው በሕይወት ሳለ ገጹን የሚረከብለትን ሰው መምረጥ፣ ወይም ከሞተ በኋላ ገጹ ጨርሶ እንዲጠፋ ማዘዝ ይችላል። ወጣቶች ይህን ለወላጆቻቸው ከማስተማራቸው በፊት ለራሳቸው ቢያደርጉት ይሻላል፤ ገጹ ላይ የሚያሳፍር ነገር ያለው ከአባቶች ይልቅ ወጣቱ ነውና።

ወደ ቅሬው እንመለስ። የቅሬ ዳኞች አሁን አባሎቻቸውን በስልክ ይጠራሉ፤ ጥሩ ነው። አንድ ተጨማሪ ነገር ቢያደርጉ ብለን እናስባለን። ቅሬው መዝገብ ይያዝ። በመዝገቡ ላይ ከየቤቱ ወደ ዐረብ አገር፣ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሌላ ቦታ የወጣ ልጅ ስም ይጻፍ። ከስሙ ትይዩ ሁለት ቁጥር ይኑር። አንዱ የራሱ፣ ሌላው በዚያው ከተማ በአጠገቡ ያለ፣ ሄዶ ሊያረዳው የሚችል የአገሩ ሰው ቁጥር። ሞት ሲሆን የሚደወለው ለሁለተኛው ነው። ያ ሰው በዕለቱ፣ ቢበዛ በማግስቱ፣ ሁለት ሦስት ሆኖ፣ ሴት ከሆነች ሴቶች ይዞ ይሄዳል። የሰው ቤት ተቀጥራ መውጣት የማትችል ከሆነች ደግሞ፣ ቢያንስ የምታውቀው ድምፅ ይደውልላትና እስክትረጋጋ ስልኩን ሳይዘጋ አብሯት ይቆይ። «ተነግሯታል» የሚል ቃል ለቅሬው ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ከመንደሩ ማንም በስልክ ምንም እንዳይለጥፍ በደንቡ ውስጥ ይግባ፤ ከቀብር የቀረ እንደሚቀጣ ሁሉ ይህን ያፈረሰም ይቀጣ። ቁጥር ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር መዝገቡ በየረመዷኑ ቢታደስ ይበቃል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ወደ ቤቱ ይደውላልና።